የልጁ ቅድመ አያት የማን ልጅ ነበረች?

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዱራሜ ከተማ በሚገኝ አንድ ሳሎን ውስጥ የእህቴ ወንድ ልጅ የጋብቻ ጥያቄ ቆመ። ጥያቄውን ያቀረብነው ከሆሳዕና የሄድን አራት ሽማግሌዎች ነን። ያቆመው የልጅቷ አጎት ነው። ምክንያቱም «የልጁ ቅድመ አያት ከእኛ ጎሳ ናት ይባላል» የሚል ነበር።

በእኛ በሐዲያዎቹም ሆነ በከምባታዎቹ ዘንድ የአንድ ጎሳ ሰው ወንድምና እህት ነው። ትውልድ ቢያልፍም አይጋባም። ስለዚህ ወሬው እውነት ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል ማለት ነው። ልጁ ሆሳዕና ፊዚክስ ያስተምራል፣ ልጅቷ ዱራሜ ውስጥ ነርስ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ተዋውቀው፣ ሁለቱም ሥራ ይዘው ቤተሰብ እስኪረዱ ድረስ ጠብቀዋል።

«ማነው እንዲህ የሚለው?» አልኩ።

የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጉልበቴን ጫን አደረጉኝ።

«ሰው ነዋ!» አለ አጎትየው።

«የትኛው ሰው?»

«ጋዜጠኛው፣ እዚህ ቃለ መጠይቅ የለም» አለኝና ሳሎኑ በሙሉ ሳቀ።

የልጅቷ አባት አልሳቁም። «ወሬም ቢሆን ጆሮአችን ገብቷል፤ ሳይጣራ ልጄን አልሰጥም። በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለሱ። እስከዚያ ልጆቹ ባይገናኙ ደስ ይለኛል» አሉ።

«ስልክስ?» አሉ መምህሩ።

«ስልክ ያው መገናኘት ነው።»

በመኪና ወደ ሆሳዕና ስንመለስ፣ አንጋጫን እንዳለፍን፣ መምህሩ ዞር አሉ። «ጉልበትህን የተጫንኩት ዝም እንድትል ነበር።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ማን እንዳለ ሳላውቅ መውጣት አቃተኝ።»

በዜና ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። የምወደውና የማልወደው ነገር ከሥራዬ ተነሥቶ ቤቴ ድረስ ገብቷል። ስልክ ሲደወልለት ገና ጫማውን እያሰረ «ደርሻለሁ» የሚል ሰው አልወድም። መሥሪያ ቤት ሄጄ ኃላፊውን ስጠይቅ፣ በሩ ገርበብ ብሎ የኃላፊው ሳል እየተሰማ «መስክ ወጥተዋል» መባሌን አልወድም። መልስ ሲጠፋ ካራሜላ የሚሰጥ ሱቅ አልወድም። በአንጻሩ ሠፈራችን ውስጥ ሱቅ ያለው ጉራጌ ጎረቤቴን እወደዋለሁ። ዕቃው ከሌለው «የለኝም፣ ማዶ ካለው ሱቅ ግዛ፣ የእሱ ደኅና ነው» ይላል። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ሻይ መጠጣት እወዳለሁ፤ በዚያ ሰዓት ረዳቶቹ ከተማ ሲጠሩ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም። የቆጮን ጠርዝ፣ ቋ ብሎ የደረቀውን፣ ከመሃሉ አስበልጬ እወዳለሁ፤ ባለቤቴ መሃሉን ስለምትወድ በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ያላወቀውን «አላውቅም» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያጋጥመኝ ሌላ የነገረኝን ሁሉ አምነዋለሁ።

የእህቴ ባል እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። ከምባታ ነው፣ ጨዋታ አዋቂና ቸር ነው፤ ነገር ግን ማታ ቤቱ ሄጄ ስለ አያቱ ስጠይቀው ራሱን አከከ።

«እኔም እንደዚያ ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል» አለ።

«ከማን?»

«እንጃ። ሲባል ነው የሰማሁት።»

እህቴ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ልጅህ ከሰማ ጀምሮ ምግብ አልበላም፤ አንተ እዚህ ተቀምጠህ 'ሲባል ሰማሁ' ትላለህ? አክስትህ በሕይወት አሉ አይደል? ያቺ የሚወራላት ሴትዮ ልጅ አይደሉም እንዴ?»

ነበሩ። አክስትየው ዛሬም ሀደሮ አካባቢ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና የእህቴ ባል ተነሣን። ሀደሮ ስንደርስ መንገዱ ዳር የተሰጣ ዝንጅብል አየሁ። የእርጥብ ዝንጅብል ሽታ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። የዚያን ቀን ግን መኪናው ቶሎ እንዲያልፍልኝ ነበር የፈለግሁት።

አክስቱ ደጅ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው አይሠራም፣ ጆሯቸው ግን ጥሩ ነው። እኔ ከምባትኛ ስለማልችል የእህቴ ባል ሊያስተረጉም ተቀመጠ።

«እናትዎ ከዚያ ጎሳ ነበሩ ወይ ብለህ ጠይቃቸው» አልኩት።

ጠየቀ። እሳቸው መናገር ጀመሩ። በእጃቸው ወደ ዱራሜ አቅጣጫ አመለከቱ፣ ሁለቴ ሳቁ፣ አንዴ አፈሩን አዩ፣ ደግመው ቀጠሉ። ሲጨርሱ የእህቴ ባል ወደ እኔ ዞረ።

«አይደለም ይላሉ።»

«ይህ ሁሉ አይደለም ብቻ ነው?»

«ዋናው እሱ ነው።»

ዋናውን ብቻ የሚነግር አስተርጓሚም ከማልወዳቸው መካከል ነው። ልናገረው አፌን ስከፍት አሮጊቷ በአማርኛ ቀደሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ተወው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰነፍ ነው። እኔ ዝንጅብል ስሸጥ ነው የኖርኩ፣ ነጋዴ ሁሉ ሲመጣ በአማርኛ ነው የምከራከር። እኔን ጠይቅ።»

«አክስቴ!» አለ የእህቴ ባል።

«አቤት። ውሸት ነው?»

ጠየቅኋቸው። እናታቸው አባታቸውን ከማግባታቸው በፊት በዚያ በልጅቷ ጎሳ ቤት ሚስት ሆነው ነበር። ባልየው ባገባ በዓመቱ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ኋላ አባታቸው አገቧቸው። የፊተኛው ባል ዘመዶች ግን ሴትዮዋን ይወዷቸው ስለነበር፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ልጃችን» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ሲሞቱም መጥተው እንደ ልጅ አልቅሰዋል።

«ለቅሶውን ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው» አሉ አሮጊቷ።

«እናትዎ የተወለዱትስ ከየት ነው?»

የአንድ ጎሳ ስም ነገሩኝ። ከልጁም ከልጅቷም ወገን አይደለም።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«እናቴ። ሌላ ማን ይነግረኛል?»

«የፊተኛው ባል ማን ይባል ነበር?»

«እሱን አላውቅም። እናቴ ስሙን አትጠራም ነበር።»

ደስ አለኝ። የእህቴ ባል ግን ደነገጠ። «አላውቅም ካሉ ማን ያምነናል?» አለ በሹክሹክታ። እኔ ያመንኳቸው በዚያ ምክንያት መሆኑን በዚያን ሰዓት ላስረዳው አልሞከርኩም።

ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይዤ ወደ ዱራሜ መሄድ አልፈለግሁም። የልጁ ወገን ለልጁ ቢመሰክር ማን ይደነቃል? ከልጅቷ ወገን በዕድሜ የሚበልጡት የአያቷ ወንድም ናቸው። እዚያው ዱራሜ ዳር ይኖራሉ። ረቡዕ ለሥራ ወደዚያ ወርጄ ስለነበር፣ ሥራዬን ጨርሼ በባጃጅ ሄድኩ። አጥር ሲያስጠግኑ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ተናገርኩ፤ የአሮጊቷን መልስ ግን አልነገርኳቸውም። ሰው የሰማውን መልሶ እንዲነግረኝ አልፈልግም።

«የልጁ ቅድመ አያት ለእናንተ ቤት ምን ነበረች?»

«የአባቴ ታላቅ ወንድም ሚስት ናታ» አሉ፣ ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው። «ባሏ ሞተባት። እኔ አልደረስኩም። አባቴ ነው የነገረኝ። ልጅ አልነበራትም። አባቴ ራሱ ነው ወደ ቤተሰቧ ያደረሳት።»

«የማን ልጅ ነበረች?»

«አላውቅም።»

«ከእናንተ ጎሳ ልትሆን ትችላለች?»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ተምረሃል አይደል? አጎቴ እሷን ሲያገባ ከብት ሰጥቷል። ሰው የገዛ እህቱን ያገባል? ለገዛ ልጁስ ጥሎሽ ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«እንግዲያውስ ያንን እንጨት ያዝልኝ።»

እንጨቱን ያዝኩላቸው። አጥሩ ሲያልቅ፣ ይህንኑ ቃል በቀጠሮው ቅዳሜ ሳሎን መጥተው እንዲናገሩ ለመንኳቸው። «መኪና ከላካችሁ እመጣለሁ» አሉ።

በቀጠሮው ቀን ላክን። መምህሩ ጸሎት ካደረጉ በኋላ ያጣራነውን እንድናገር ፈቀዱልኝ። አክስትየው ያሉትን፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም፣ ተናገርኩ። ቀጥሎ የልጅቷ አያት ወንድም የራሳቸውን ተናገሩ፤ የከብቱን ነገር ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የልጅቷ አባት ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«አንተ ከማን ነበር የሰማኸው?»

አጎትየው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። «ለቅሶ ላይ ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«ኧረ ወንድሜ፣ አንተም ጋዜጠኛ ሆንክ እንዴ!»

በዚህ ጊዜ አባትየውም ሳቁ። ከዚያ ግን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቆዩም። እኛ ሻዩን ይዘን ጠበቅን፣ መምህሩም ሰዓታቸውን አላዩም። ጓዳ ውስጥ የባልና ሚስቱ ድምፅ በከምባትኛ ይሰማል፣ ምን እንደሚሉ ግን አልገባኝም። ሲመለሱ አባትየው አልተቀመጡም።

«ወገን አይደላችሁም። ይህን ተቀብለናል። የቀረው የልጅቷ ፈቃድ ነበር፤ እሱንም እናቷ ጠይቃት እሺ ብላለች» አሉ።

የልጅቷ እናት በጓሮ በኩል ልጃቸውን ጠሩ። ልጅቷ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ከአያቷ ወንድም ጀምራ የሁላችንንም እጅ ጨበጠች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተስማሙ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ደወለ፤ አባትየው ስልኩን ከእኔ ተቀብለው ለልጅቷ ሰጧት።