ወንበሩንም፣ ብረቱንም

ባለቤቴ ከጭሮ ሂርና፣ ከጭሮ በደሳ ያለውን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ ነድቶበታል። እኔ ወጣት ነርስ ሆኜ ከወሎ ወደዚህ ስመደብ በእሱ መኪና ነበር ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሄድኩት። ተጋባን፣ ወለድን፣ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን በገዛ መኪናችን ተደላድዬ ተቀምጬ ሂርና የደረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋቢና ከተቀመጥኩ ተሳፋሪ ሲመጣ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ኋላ ከተቀመጥኩ ሕፃን ያዘለች ስትመጣ እነሳለሁ። የሾፌር ሚስት ትርፍ ናት፤ ቦታ ሲገኝ ብቻ ትቀመጣለች።

አምና የባለቤቴ ወገብ እምቢ አለ። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ መንዳት እንዲተው፣ ከነዳም ቶሎ ቶሎ እያረፈ እንዲሆን መከረው። ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ቆመች። ጫት የሚነግደው ትልቁ ልጃችን እሱ እንዲረከባት ሐሳብ አቀረበ፤ አባቱም እሺም እምቢም ሳይል ከረመ።

አንድ ቀን ራት እየበላን ባለቤቴ ከሂርና በላይ መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ አነሳ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከታች ተኝቶ የጨርጨር ተራራ አናቱ ብቻ ሲወጣ እንደሚያይ፣ ግን አንድም ቀን መኪና አቁሞ አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ተሳፋሪ ይቆጣል፣ ተራ ያልፋል፣ ጫት ይጠወልጋል።

"እንግዲያውስ እዚያው ሄደን እናድራለን" አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ ነበር። የኋላዎቹን ወንበሮች ብናወጣ አልጋ ይገባል፤ ከአልጋው ሥር ለዕቃ የሚሆን ሣጥን፣ በበሩ በኩል ትንሽ የጋዝ ምድጃና የውኃ ጀሪካን። ጎኑን የሚያሳርፍበት አልጋ አብሮት ከሄደ ወገቡ ሲያመው ማቆም ነው። ባለቤቴ ሳህኑን ገፋ አድርጎ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ልኬት ሲያወጣ አየሁት። ያን ጊዜ እንደተስማማን አወቅኩ።

ወንበሮቹ ብዙም አላስቸገሩም። ከመቆሚያቸው ፈትተን አንድ በአንድ አወረድናቸውና አጥሩ ሥር ደርድረን ሸራ አለበስናቸው። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። በእኛ አገር ወንበሩ የወጣ ሚኒባስ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፦ ጫት ሊጭን ነው። ገና በማግስቱ ነጋዴዎች በር ማንኳኳት ጀመሩ። ላኪ፣ አይ ማለት ነው፣ ለጫት አይደለም ይላቸዋል ባለቤቴ በኦሮምኛ። ታዲያ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት ወደ እኔ ያያል። እኔ ነኝ የምመልስላቸው። ልንተኛባት ነው ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ለሬሳ ማመላለሻ ልናደርጋት ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ነርሷን ጡረታው አእምሮዋን ነካት አለ።

ልጃችን መጣ። ልጆቼ በአባታቸው ቋንቋ አዮ፣ እናቴ ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሩኛል። መኪናዋን ዞሮ አያት። ከዚያ የነገረኝ ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

"አዮ፣ ወንበሩን አወጣችሁ፤ እሺ። ወለሉ ላይ ያሉትን ብረቶች ግን አትንኩ። ሲሰለቻችሁ ወንበሩን መልሰን እናስረዋለን።"

ክፉ ልጅ አይደለም። ለእኛ የሚበጅ መስሎት ነው። አባቱም ነገሩ ልክ ነው አለ፤ ብረቱ ምን ይጎዳል? እኔም ለጊዜው ተውኩት። ብረቶቹ የወንበሮቹ እግር የሚታሰርባቸው ናቸው፤ ከወለሉ ጉብ ጉብ ብለው በቁመት በቁመት ተሰልፈዋል። የአልጋውን ሳንቃ በላያቸው ብናጋድመው ተወላገደ። ከሥሩ ጨርቅ አጠፍን፣ ጣውላ ሸጎጥን፤ ባለቤቴ ተኝቶበት ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነበር። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። በሩን በከፈትኩ ቁጥር እነዚያ ብረቶች የሚጠብቁኝ ይመስለኛል፤ እስክትሰለቺ፣ እስክትሸነፊ ድረስ እዚህ ነን የሚሉኝ። የመመለሻ መንገድ ተዘጋጅቶለት የሚሄድ ሰው ምኑን ሄደ?

"ይውጡ" አልኩ።

ሰፈራችን ያለው የጋራዥ ሰውዬ መጥቶ ሊቆርጣቸው ተስማምቶ ነበር። በቀጠሮው ቀን ቀረ። ስንጠይቀው መሣሪያው ተበላሽቷል አለ፤ ኋላ እንደሰማነው ልጃችን እንዳይመጣ ለምኖት ኖሯል። ስለዚህ ራሳችን ጀመርን። የዛገውን ብሎን ሁሉ ላምባ አጠጥተን አሳደርነው። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከላይ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ብሎኑን ያዞራል፤ ሌላው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ዳዶውን በቁልፍ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ከታች የሚይዝ ከሌለ ብሎኑ ሲሽከረከር ቢውል አይወጣም። የባለቤቴ ወገብ ከመኪና ሥር አያስገባውም። የባለቤቴን አሮጌ ቱታ ለበስኩ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ማዳበሪያ አንጥፌ ገባሁ።

አፈሩና ዝገቱ ፊቴ ላይ ይረግፋል። ክንዴ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ብሎን ጮኸ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ወጣ። እዚያ ሥር ተጋድሜ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ሦስተኛው ላይ እያለን ነበር የግቢው በር የተንኳኳው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከመሰላ ከተማ ድረስ መጥተዋል። ልጃችን ነው የላካቸው። ግቢው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ከመኪናው ሥር የወጡትን የእኔን እግሮች ነው።

ወጣሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ አፈላሁ። ሻዩ እስኪቀርብ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ተጨዋወቱ። ከዚያ የባለቤቴ ወንድም ወደ ጉዳዩ ገቡ። ወንድማቸው እንደታመመ፣ ያረጀ ሰው በልጆቹ መሐል በቤቱ ማረፍ እንዳለበት፣ መኪናዋም ለልጅ ብትሰጥ ለሁሉም እንደሚበጅ በደንብ አድርገው ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ። ሰው ቤት እያለው መንገድ ላይ ያድራል?"

"ኦቦ፣" አልኳቸው፣ "እኔ ለክትባት ወጥቼ በሰው በረት ሳድር ሽማግሌ የላከብኝ የለም። እሱ በደሳ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት፣ ዝናብ እየወረደበት ሲያድርም ማንም ነውር ነው አላለም። ለሥራ ስናድር ጎበዝ ነበርን። ለራሳችን እንደር ስንል ነው ነውር የሆነው?"

ወደ ወንድማቸው ዞሩ። አንተስ ምን ትላለህ ብለው ጠየቁት። ባለቤቴ መሬት መሬት እያየ በእጁ የያዘውን ቁልፍ አገላበጠው። ወንድሙን ሲያከብር ነው የኖረው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ሳያይ፣ ብረቱ ለጊዜው ቢቆይስ አለ።

ተነሳሁና ተመልሼ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ቁልፌን አነሳሁ፣ የጀመርነውን ዳዶ ፈልጌ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

"ይዣለሁ" አልኩ።

ከተኛሁበት የሚታየኝ የባለቤቴ እግር ብቻ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ክንዴ ዛለ፤ አለቀቅኩም። እስኪመሽም ቢሆን አልለቅም ብያለሁ። ብቻዬን ላወጣው እንደማልችል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ከዚያ እግሩ ዞረ። መኪናዋ በክብደቱ ዝቅ አለች፣ ከላዬ የወለሉ ቆርቆሮ ተንቋቋ፣ ቁልፉ ብሎኑ ላይ ሲገጥም ሰማሁ።

"አጥብቀሽ ያዢ" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ወንድምየው ሲወጡ አላህ ይርዳችሁ አሉ፤ ድምፃቸው ግን ምርቃት አልነበረውም። እኛ ቀጠልን። አንዱ ብሎን ግትር ብሎ በመሮና በመዶሻ ነው የተነቀለው፤ ወለሉንም ይዞ ቀደደው። ቀዳዳዎቹን ሂርና ያለ በያጅ በላሜራ ደፈነልን። ወንበሮቹን አውቶቡስ ተራ አጠገብ ላለች ሻይ ቤት ሰጠናቸው፤ ማንም መልሶ የሚያስራቸው እንዳይኖር።

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው መታጠፊያ ነው። በመንገዱ ሁሉ ሰው እጁን እየዘረጋ ያስቆመናል። አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ ዘው ብላ ገባችና አልጋችን ላይ ቁጭ አለች፤ ሂርና አደረስናት። ኬላ ላይ ያስቆመን ትራፊክ ወንበር አልባውን መኪና አይቶ የሰው ነው የጭነት ብሎ ጠየቀ። የራሳችን ነው አልኩት። መታጠፊያው ላይ አደርን፤ ጠዋት ባለቤቴ በሩን ከፍቶ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ጉሙን ሲያይ ቆየ። ሻይ ሰጠሁት፤ ቀዝቅዞ ነው የጠጣው።

ልጃችን አሁንም ስለ መኪናዋ አያነሳም። ሰፈሩም የሚለውን ይላል።

ለአረፋ መሰላ ወረድን፣ የባለቤቴ ወንድም ቤት። በዓሉን አብረን ዋልን፣ አብረን በላን። ሲመሽ መኝታ እንዳነጠፉልን ነገሩን። አመሰገንኩና እኛ ቤታችንን ይዘን ነው የመጣነው አልኩ፤ ደጃቸው ከቆመችው መኪናችን ገባን። ባለቤቴ ትንሽ ፈርቶ ነበር፤ እንቅልፍ ግን ከእኔ ቀድሞ ወሰደው።

ጠዋት በሩን ስከፍት ወንድምየው ውጭ ቆመዋል። እንዴት አደራችሁ አሉ፤ ደኅና ማደራችንን ነገርኳቸው። አልሄዱም። አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ።

"ጫማዎን አውልቀው ይግቡ" አልኳቸው።

ገቡ። አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ምድጃውን አዩ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መለሱ።

"ጠባብ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ኦቦ" አልኳቸውና ሻይ ጣድኩ።