ሞተሩን የለካን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደጃፌ ላይ ሳር ሳጠጣ፣ ጎረቤቴ ጋራዡን ከፍቶ አንድ አሮጌ መኪና ይጎረጉር ነበር። ሞተሩ ሳይነሳ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ሰማሁ። ነዳጁን የሚለኩሱት ካንዴላዎች የወለቁበት ሞተር ድምፁ ሌላ ነው፤ አይጮህም፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ውሃውን ዘግቼ ቆምኩ።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል፣ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ሜስኪት ውስጥ ነው። ከታላቅ እህቴ ከሰናይትና ከእናታችን ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ዳላስ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። ያለችን መኪና አንዲት ናት፤ እናታችንን ሆስፒታል የምታመላልሰውም እሷው። ያን ሰሞን ድልድይ ላይ ስትወጣ ኃይል እያጣች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ጀመር። መካኒክ ጋ ከመውሰዴ በፊት ራሴ ልያት ብዬ ከሥራ ባልደረባዬ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ የሞተሩን የውስጥ ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ፣ ተዋስኩ።

ፍልሰታ ነበር። የቴክሳስን ነሐሴ የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻላል፤ አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። እናታችን ታማም ብትሆን ጾሙን አልተወችም። የሚታጠፈውን ወንበር አፓርታማው ግቢ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ዘርግተንላት፣ ሐብሐብ በሰሃን ይዛ ታየን ነበር። ከመብላት ይልቅ ፍሬውን መልቀም ይበዛባታል።

ካንዴላዎቹን በሙሉ ፈታሁ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝና የመለኮሻውን ሽቦ ነቀልኩ። መለኪያውን በመጀመሪያው ካንዴላ ቀዳዳ አጠበቅኩና ሰናይትን ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጣ ቁልፉን እንድታዞር ነገርኳት። መርፌው ዘለል ዘለል እያለ ወጥቶ ቆመ። ደህና ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ግን መርፌው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ። በቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፍስሼ ደግመን ስንለካ ከፍ አለ። ዘይቱ ክፍተቱን ደፈነለት ማለት ነው፤ የተበላው ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት ነው።

እናቴ ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችኝ። ሳልደብቅ ነገርኳት። ሦስቱ ጤነኛ ናቸው፣ አራተኛው ውስጡ አልቋል፤ ሞተሩን አውርዶ መሥራት ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ነው፤ ቀስ ብለን ከነዳናት ትንሽ ታገለግለናለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ የላትም አልኳት።

ሰሃኑን መሬት አስቀመጠች።

«የመኪናዋን እንዲህ አጥርተህ ነገርከኝ» አለች። «አሁን ደግሞ የእኔን ንገሩኝ።»

ሰናይት ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠች ቁልፉን ለቀቀች። ዶክተሩ የተናገረውን ወደ አማርኛ የምትመልሰው እሷ ነበረች፤ ለእናታችንም የጨጓራ ቁስለት ነው ብላት ነበር። እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ ነገር አይነገርም፤ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰብ በየጓዳው ያለቅሳል። ሰናይት ያንን ወግ ነው ያደረሰችው፤ እውነቱን ለእኔ ብቻ ነግራ፣ ውሸቱን ብቻዋን ተሸክማ፣ ሲነጋ ዓይኗን ታጥባ ወደ ሥራ እየሄደች።

«ሰናይት፣ ዶክተሩ ምን አለ?»

እህቴ ከመኪናው ወርዳ ፊቷ ተንበረከከች። ካንሰር መሆኑን፣ ጉበቷ ጋ መድረሱን፣ መድኃኒቱም ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ለማዳን አለመሆኑን ነገረቻት። እናቴ አላለቀሰችም። የሰናይትን ፀጉር ዳበሰች።

«መስፍንን ሳላየው ልትቀብሩኝ ነበር» አለች።

መስፍን ታናሽ ወንድሟ፣ የእኛ አጎት ናቸው፤ ፎርትዎርዝ ነበር የሚኖሩት። ጴንጤ ከሆኑ በኋላ አባታቸው ሲሞቱ ተዝካሩ ላይ አልገኝም ብለው ቀሩ። እሷም ደጃቸውን አልረግጥም ብላ ማለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ እየኖሩ ለዓመታት አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ ኖረዋል።

ዛሬውኑ ውሰዱኝ አለችን። ካንዴላዎቹን መልሼ አሰርኩ፤ ፊውዙንና ሽቦውንም መለስኩ። ለሞተሩ እንዳይከብደው ኤሲውን አጥፍተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ በቀኙ መስመር እያዘገምን ሄድን። ትልልቅ የጭነት መኪኖች እያናወጡን ያልፉ ነበር። ሰናይት እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ታደርግላታለች፤ እናቴ ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሳችም።

አጎቴ በር ከፍተው አዩን። እናቴ መሐላዋን አስባ መሰለኝ ከመኪናው አልወረደችም። እሳቸው ባዶ እግራቸውን በጋለው ሲሚንቶ ላይ መጥተው፣ የኋላውን በር ከፍተው አጠገቧ ገቡ።

«እታለሜ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«ልሄድ ነው» አለቻቸው። «የአባባን ተዝካር ብቻዬን ነው ያወጣሁት፣ መስፍን። እሱን ልነግርህ መጣሁ። ሌላ ቂም የለኝም።»

አጎቴ እጇን ይዘው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔና ሰናይት ወርደን ራቅ ብለን ቆምን። ኋላ እኔና ሰናይት ደግፈናት ወደ ቤት ስንገባ፣ እሳቸው ቀድመው ሮጠው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የሥጋ ወጥ አነሱና ሽሮ በዘይት እንዲሠራላት ለባለቤታቸው ነገሩ። እናቴ ያን ቀን ከወትሮው የተሻለ በላች።

እስከ ኅዳር ቆየች። አጎቴ ከፎርትዎርዝ እየተመላለሱ፣ አንዳንዴ ሲያጫውቷት አንዳንዴም ዝም ብለው አጠገቧ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ስትሞትም እጇ በእጃቸው ነበር። ሰናይት እስከ ዛሬ ድረስ እናታችንን ያን ክረምት ተስፋ ያኖራታል ብላ እንደዋሸቻት፣ ያኖራት ግን እውነቱ እንደነበር ትናገራለች። እኔ ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ዕድሜዋን ያስረዘመው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። የማውቀው፣ ቀሪው ዕድሜዋ የራሷ እንደነበር ነው።

ባለፈው ወር እኔም የምርመራ ውጤት ልሰማ ሄጄ ነበር። ልጄ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ልታናግራት ከወንበሯ ስትነሳ አየኋትና እጇን ያዝኩ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አልኳት። «አብረን እንሰማለን።»