ተዝካር የሄዱት ጠረጴዛዎች

በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በአናጢነት በተቀጠርሁ ቀን የንብረት ክፍሉ ሰው መሰርሰሪያ፣ መፍቻና አንድ ካርቶን ብሎን አስፈርሞ ሰጠኝ። መጋዝ አልሰጠኝም። ኃላፊው አቶ ላቀው ሥራዬን ባጭሩ ነገሩኝ። «ዴስኩን ከወለሉ ጋር እሰረው። ዴስክ ካልተንቀሳቀሰ ተማሪም አይንቀሳቀስም።»

አሰርሁ። ከወረታ እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ ባሉት ትምህርት ቤቶች ያልበሳሁት ሲሚንቶ የለም። ተማሪው ግን በዴስኩ ሥር ይሾልካል፣ በላዩም ይራመዳል። እኔ ሪፖርቴ ላይ «ሙሉ በሙሉ ታስሯል» ብዬ እጽፋለሁ።

ብዙ ዓመት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የምታስተምረው የሻረግ አስቆመችኝ።

«ጋሽ ታከለ፣ መፍታትስ ያውቃሉ ወይስ ማሰር ብቻ ነው?»

ነገሩ ከነከነኝ። ልጆቹ ለንባብ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ፣ ለሒሳብ ደግሞ ዕቃውን ወደ ዳር ገፍተው ወለሉን በእርምጃ እንዲለኩ ትፈልጋለች።

የራሴን መጋዝ ከቤት አምጥቼ ከዋንዛ ጣውላ አንድ ጠረጴዛ ሠራሁ። አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ጠረጴዛዎች በሰፊው ጎናቸው ሲገጥሙ ስድስት ልጅ ዙሪያቸውን ይይዛል። ደስ አለኝ። የሻረግ ከክፍሉ ትንንሾቹን ሁለት ሴት ልጆች ጠርታ «እስቲ አንሡት» አለቻቸው። ንቅንቅ አላለም።

«ይኼ ለእርስዎ የሚሆን ነው» አለችኝ።

ተቀየምሁ። ግን መልሼ ወስጄ ገጹን በመላጊያ አሳሳሁት፣ እግሩንም አቀጠንሁት። በሦስተኛው ሙከራ ልጆቹ ተሸክመውት ሲሮጡ በሩ ላይ ደርሰን ያዝናቸው። ሌሎቹን በዚሁ ልክ ሠራሁ። ግድግዳውንም በልጆቹ ቁመት ዙሪያውን የሰሌዳ ቀለም ቀባሁት።

አቶ ላቀው መጥተው አዩት።

«ተማሪው ፊቱን ወዴት ሊያዞር ነው?»

«ወደ ሥራው» አለች የሻረግ።

በሳምንቱ ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ብዙም ሳይቆይ ግን ከበላይ «ክፍሎች ለእንቅስቃሴ እንዲመቹ ይደረግ» የሚል ትእዛዝ መጣ። አቶ ላቀው «የጽሕፈት ቤታችን የፈጠራ ሥራ» ብለው ከዞን እንግዶች ጋበዙ። ደብዳቤዎቻችን ከማኅደራችን አልወጡም።

እንግዶቹ ሐሙስ ይመጣሉ ተብሎ ማክሰኞ ደረሱ። ማክሰኞ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጎን ተዝካር ነበር። ቄሰ ገበዙ «ልጄ፣ ቀላል ገበታ አላችሁ ሲሉ ሰማን» ብለው ጠይቀዋት የሻረግ እምቢ ማለት አልቻለችም። ጠረጴዛው በሙሉ ድንኳን ውስጥ ወጥና ጠላ ተሸክሟል።

እኔ የክፍሉን በር ስጠግን ነበር። አቶ ላቀው እንግዶቹን አስከትለው ገቡ። ክፍሉ ባዶ ነው። ልጆቹ ግማሾቹ ወለሉን በእርምጃ ይለካሉ፤ ግማሾቹ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያጠፋሉ።

«ጠረጴዛ አያስፈልግም ማለት ነው?» አሉ የእንግዶቹ መሪ፣ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት።

የአቶ ላቀው ፊት አመድ መሰለ። «አዎ፤ ሆን ብለን ነው ያስወጣነው።»

እኔ ደብዳቤውን አስቤ የበሩን ብሎን ማጥበቄን ቀጠልሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ተዝካር ላይ ናቸው» አለች የሻረግ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «እንግዲያው እዚያው ሄደን እናያቸዋለን» አሉ። ሄድን፤ ቄሰ ገበዙም አስቀመጡን። አቶ ላቀው ገና ሁለት ጉርሻ እንደበሉ ቦታ ጠበበና ሁለት ሽማግሌዎች ጠረጴዛውን ከነሳህኑ አንሥተው ወደ ጥግ ወሰዱት። እሳቸውም ተነሥተው ተከተሉት።

በኋላ የመጣው ሪፖርት የጽሕፈት ቤቱን «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» አሞገሰ። አቶ ላቀው በዕድገት ተዛወሩ። የሻረግ አንድ ካርቶን ጠመኔ ተሸለመች። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ጠረጴዛዎቹ እንዳይጎዱ መጋዘን ገብተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንዲወጡ ወሰኑ። የመጋዘኑን ቁልፍ እንድገጥም የታዘዝሁት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቁልፍ ያበላሸሁት ሥራ የለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ቀን አልቆለፈም፤ ልጆቹም ጠዋት ጠዋት እየገቡ ጠረጴዛቸውን ያወጡ ነበር።

የክፍል ዕቃ የምትሠሩ፣ ልኩን ከመምህሯ ውሰዱ፣ ክብደቱን ልጆቹ ይንገሯችሁ። ኃላፊው ሥራው ሲያልቅ ያየዋል።