እናታቸውን የቀየርኳቸው ቅጠሎች

ይህ የገጠመኝ በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ካምፓላ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ከነአባቱ ልጽፍ ስል እጄ ያመነታል። የቱ ይቀድማል እያልኩ ቆም እላለሁ።

አዲስ አበባ እያለሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር። ካምፓላ ከተሰደድኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያገኘሁትን ስሠራ ቆየሁና በመጨረሻ ኮሎሎ ሰፈር ውስጥ ቢሮ ያላት ዶክተር ናካቶ የምትባል ኡጋንዳዊት ተመራማሪ ቀጠረችኝ። ባለቤቴ ቡኮቶ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ተንበርክካ አመሰገነች። ልጃችን ማርታ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር።

ዶክተሯ የምታጠናው የጫካ ዛፎችን የዘር ሐረግ ነው። እንደነገረችኝ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ምድሩ ሲደርቅ ትልቁ ጫካ እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ቀርቶ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ከየቁራጩ የተረፉት ዛፎች እንደገና ተስፋፉ፤ ያ ታሪካቸው እስከ ዛሬ በቅጠላቸው ውስጥ ይነበባል። አሁን ደግሞ ጫካውን የሚቆራርጠው ሰው ነው። ዛፎቹ ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር ብቻ መዋለድ ከጀመሩ ዘራቸው አንድ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል፣ አንድ በሽታ ሁሉንም ሊጨርሳቸው ይችላል። ይህን ለማወቅ ነበር ከእናት ዛፎችና ከሥራቸው ከበቀሉት ችግኞች ቅጠል የምታስለቅመው።

የዚያ ዓመት ዝናብ ቢሮውን ጭምር አረጠበው። መብራትም በየቀኑ ስለሚጠፋ ማድረቂያው ቆመ። ቅጠሎቹ የነበሩባቸው የወረቀት ፖስታዎች መሻገት ሲጀምሩ፣ ሁሉንም እርጥበት የሚመጥጡ የኬሚካል ፍሬዎች ወዳሉባቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች ማዛወር ጀመርን።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተሯ ከፖስታው ታነባለች፣ እኔ ከረጢቱ ላይ እጽፋለሁ። «አሥራ ሁለት፣ አራት» ስትል 12-4 ብዬ እጽፋለሁ። ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ያስጠይቃል? ልጄ ስትመዘገብ መጀመሪያ ማርታ ይባላል፣ ቀጥሎ የኔ ስም ይመጣል። ስለዚህ 12-4 ማለት የዛፍ አራት ልጅ፣ ችግኝ አሥራ ሁለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ዶክተሯ ቅጠሎቹን ወደ ውጭ አገር የምትልክበትን ፈቃድ ልታስጨርስ ሄደችና ብቻዬን ቀጠልኩ። የጫካ ሠራተኞቹ ፖስታው ላይ «ችግኝ ይህን ያህል፣ ከዛፍ ይህን ያህል» ብለው በቃላት ጽፈዋል። እኔም ልጁን አስቀድሜ፣ ወላጁን አስከትዬ ጻፍኩ። ስጨርስ የሁለቱን ቀን ከረጢቶች ቀላቅዬ በቁጥር ተራ ካርቶኖች ውስጥ ደረደርኳቸው። የሻገቱትን ፖስታዎች ግቢው ጥግ ያለው የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳቸው። ቢሮው ጸዳ፣ እኔም ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዶክተሯ ፈቃዱን ይዛ መጣች። ካርቶኖቹ በማግስቱ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። ከላይ ካሉት ከረጢቶች አንዱን አነሣች፤ 12-4 ይላል።

«አሥራ ሁለት ቁጥር ጥሩ እናት ናት» አለች። «ብዙ ልጆች አሉልን።» ከዚያ ስልክ ተደወለላትና ወጣች።

እናቲቱ ፊተኛዋ ቁጥር ናት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ትክክል ነው፣ ሁለተኛው በሙሉ ተገልብጧል፤ ሁለቱም ደግሞ በኔው እጅ ጽሕፈት ተጽፈው ተደባልቀዋል። የሁለት ዓመት ልፋቷን ነው ያበላሸሁት።

ዝም ብል ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም። ሥራውን ባጣ ልጄን ምን አበላታለሁ? እንዲህ እያሰብኩ በመስኮቱ ከቆሻሻው ጉድጓድ ጭስ ሲወጣ አየሁ።

ሮጥኩ። ሙዜ ሙሳ የሚባሉት ሽማግሌ አትክልተኛ ጉድጓዱን አቀጣጥለው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በባዶ እጄ መዛቅ ስጀምር «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ቆሻሻ እኮ ነው» አሉኝ። ሁኔታዬን ሲያዩ ግን ሌላ ሳይጠይቁ በዶማ ይጎትቱልኝ ጀመር። እርጥበቱ በጀን፣ ከመቶ በላይ ከሚሆኑት ወደ አርባ የሚጠጉ ፖስታዎች ተነበቡ። የቀረው ዐመድ ሆኗል።

ፖስታዎቹን ታቅፌ ዶክተሯ ፊት ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። በአገሬ የልጅ ስም እንደሚቀድምም አስረዳኋት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ያንን ከረጢት ባላነሣው ኖሮ ትነግረኝ ነበር?» አለችኝ።

«ባላነሡት ኖሮ ስህተቴን አላውቀውም ነበር» አልኳት። «ካወቅኩ በኋላም ግን ዝም ልል አስቤ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ካርቶኖቹ በማግስቱ አልሄዱም። ያጠራጠሩትን ከረጢቶች ለይተን ምልክት አደረግንባቸው፤ ላቦራቶሪው የእያንዳንዱን ቅጠል ዘር ከረጢቱ ላይ ቁጥራቸው ከተጻፈው ከሁለቱም ዛፎች ጋር ያስተያያል፣ የእውነተኛዋ እናት ማንነት ከዚያው ይወጣል አለችኝ። ሥራዋ በወራት ዘገየ። እኔን ግን አላባረረችኝም።

ውጤቱ ሲመጣ ከአንዲት ችግኝ በቀር ሁሉም እናታቸውን አገኙ። ያቺ አንዷ የአንደኛዋም የሌላዋም ልጅ አልነበረችም። ዶክተሯ እንዲያውም ተደሰተች። ወፍ ፍሬዋን ከሩቅ ጫካ አምጥታ ጥላዋለች፣ የተቆራረጡት ጫካዎች ዛሬም ይገናኛሉ ማለት ነው አለች። ጥናቷ ላይም ይህንኑ ጻፈች።

ያን ቀን ሁሉንም ተናገርኩ ብያለሁ፤ አንድ ነገር ግን አስቀርቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋስ በመስኮት ገብቶ አንድ ቅጠል ከጠረጴዛው ላይ ጣለብኝ። ወለሉ ላይ ሻግተው የተጣሉ የሌሎች ዛፎች ቅጠሎች ነበሩ። የወደቀውን የመሰለኝን አነሣሁና ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት።

ያቺን ችግኝ ያመጣት ወፍ ይሁን የኔ እጅ አላውቅም። ከዶክተር ናካቶ ጋር በዓመት አንዴ ሁለቴ በስልክ እንገናኛለን። ስለ ማርታ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ስለ ጫካው እጠይቃታለሁ። ሁልጊዜ ዛሬስ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ደህና ሁን ብላኝ ስልኩ ሲዘጋ እፎይ እላለሁ። በዚያ እፎይታዬ አፍራለሁ።