ሁለት ሳይክል ይዘን ወደ ኪጋሊ

እሑድ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር

አንድ ባጃጅ ሁለቱን ካርቶን አልችል አለ። ስለዚህ በሁለት ባጃጅ ወጣን፤ እኔ ከፊት፣ ልየው ከኋላ፣ እያንዳንዳችን የተፈታታ ሳይክላችንን ጭናችን ላይ አጋድመን። ጎዳናው ባዶ ነው። ዘንባባዎቹ ሥር አፋቸውን በሻሽ ያሰሩ የመንገድ ጠራጊ ሴቶች ብቻ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ከሐይቁ በኩል የረጠበ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይመጣል።

ልየው የዐሥራ አራት ዓመት ጓደኛዬ ነው። እሱ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን፣ እኔ የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነን። ሁለታችንም አላገባንም፤ ሁለታችንም ሳይክል ካልነዳን ሰውነታችንን ያመናል። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በጢስ ዐባይ መንገድ ፏፏቴው ድረስ እንነዳ ነበር። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ወዲህ ግን ከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ላይ ስንደርስ መሪያችንን አዙረን እንመለሳለን። ሳምንት ከሳምንት ያችው ጥቂት ኪሎ ሜትር።

"ግቢ ውስጥ እንደታሰረ ውሻ ሆንን እኮ" አለኝ አንድ ቀን።

የሩዋንዳን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ለእኛ አስቀድሞ ቪዛ አይጠየቅም፤ አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ኮረብታው አይጠገብም። ከኪጋሊ ተነሥተን ወደ ኪቩ ሐይቅ እንነዳለን፤ በዐሥረኛው ቀን ቤታችን ነን። ካርታው ላይ መንገዱን በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረው እሱ፣ ካርቶኖቹን ከሳይክል ሻጭ ለምኖ ያመጣው እሱ።

1 ሰዓት፤ አየር ማረፊያ

ካርቶኖቹ በፍተሻ ማሽኑ አፍ አልገባ አሉ። ፈታሹ ልየው በፕላስተር የጠቀለለውን በቢላ ቀደደና እጁን ሰደደ።

"ምንድን ነው?"

"ሳይክል።"

"የት ልትነዱት?"

"ሩዋንዳ።"

"እዚያ ሳይክል የለም?"

እኔ ሣቅሁ። ልየው አልሣቀም። ሳይጠየቅ የመመለሻ ትኬቱን አወጣ፣ ካርታውን ዘረጋ፤ "ጓደኛሞች ነን፣ የዓመት ፈቃድ ወጥተን ነው፣ ዐሥር ቀን ብቻ" እያለ ያወራል። እሱ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው። ደስ ብሎት ነው ብዬ አለፍሁት።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሲዞር ጣና ከሥራችን ተዘረጋ፤ ዳር ዳሩን እምቦጭ አረንጓዴ አድርጎታል፣ መሐሉ እንደ አመድ ነው። ልየው ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ራቅ ብሎ ጥቁር የሚለው መሬት ደቅ ደሴት ነው። አባቱ ቄስም መሪጌታም ናቸው፤ እዚያ ቅኔ ያስተምራሉ። ባለፈው ሳምንት በጀልባ ሄዶ ተሰናብቷቸው መጥቷል። ደመናው ደሴቱን ከሸፈነው በኋላም አንገቱን አልመለሰም።

አዲስ አበባ ላይ ፓስፖርት የምታይ ልጅ ወደ እሱ ቀና ብላ፣ "ብቻህን ነህ?" አለችው።

"ከእሱ ጋር ነኝ" አለና ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ማኅተሙ ሲመታ ተነፈሰ።

ከሰዓት፤ ኪጋሊ

ንጹሕ ከተማ ነው። ሞተረኛው ሁሉ ለተሳፋሪው የሚያቀብለው ሁለተኛ የራስ ቁር አለው። ከአንዱ ኮረብታ ስትወርድ ሌላው ይጠብቅሃል። ማረፊያችን ግድግዳው ሰማያዊ የተቀባ ትንሽ ቤት ነው፤ ባለቤትዋ የተጠበሰ ሙዝና ባቄላ አቀረበችልን፤ ልየው ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ተወው። ሳይክሎቹን እንግጠማቸው ስለው "ነገ" አለኝ።

ሰኞ፣ ማለዳ

ዝናብ አባርቷል። ግቢው ውስጥ የራሴን ሳይክል ገጠምሁ፤ ፔዳሉን አሰርሁ፣ ጎማውን ነፋሁ። የልየውን ካርቶን ልከፍት ስል፣ "ተወው" የሚል ድምፅ ከበስተኋላዬ ሰማሁ።

ረጅም ሱሪ ለብሷል። ጀርባው ላይ ትንሽ ቦርሳ።

"ይሁኔ፣ እኔ አልነዳም።"

"አመመህ እንዴ?"

"አላመመኝም። በታንዛኒያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው። የሚወስደኝ ሰው በር ላይ ነው ያለው።"

በእጄ ፓምፑን እንደያዝሁ ቀረሁ። ከአጥሩ ውጭ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

"ለምን አልነገርኸኝም?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

አልመጣም ነበር። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"የኔታስ?" አልሁት። በደቅ አባቱን ሁሉም ሰው የኔታ ነው የሚላቸው። አቀፈኝ፤ ጺሙን አልተላጨም፣ ጉንጬን ወጋኝ። "ሳይክሉን መልስልኝ" ብሎ ወጣ። ለምኜ ላስቀረው ሮጬ በሩ ላይ ስደርስ መኪናው ቁልቁለቱን ተያይዞታል።

እኔ ያን ቀን ብቻዬን ነዳሁ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ ካርታው ላይ ያለውን ቀይ መስመር ይዤ ወጣሁ፤ ኮረብታው ላይ እግሬ ሲሰንፍ ወርጄ እየገፋሁ አለቀስሁ። ማክሰኞ ትኬቴን አስቀየርሁ። ሐሙስ ባሕር ዳር ገባሁ፤ ሁለት ካርቶን ይዤ፣ አንዱ ኪጋሊ ላይ ሳይፈታ የተመለሰ።

ቅዳሜ፤ ወደ ደቅ

የሞተር ጀልባው ዱቄት፣ ቆርቆሮና ሁለት ዲያቆናት ጭኗል። ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ውኃውን ሊነካ ምንም አልቀረው። የምናገረውን በሆዴ ደጋገምሁት። "የኔታ፣ ልጅዎ ደኅና ነው" ልበል? ደኅና መሆኑን በምን ዐወቅሁ? "አታለለኝ" ልበል? ለአባት እንዲህ ይባላል?

የኔታ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሲያዩኝ ብድግ ሊሉ ሞከሩ፤ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ግንባሬን በመስቀላቸው ባረኩኝና አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ።

"የኔታ፣ ልየው…"

"ዐውቃለሁ፣ ልጄ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"አሁን አንተ የተቀመጥህበት ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። አትሂድ አልሁት። ሦስት ጊዜ አልሁት። እሺ፣ መሄድህስ ይሁን፣ ወንድምህን ለምን ታታልላለህ ስለው፣ 'አባቴ፣ ብቻዬን ከሆንሁ ይጠረጥሩኛል። ከይሁኔ ጋር ከሆንሁ ግን ሳይክለኛ ነኝ' አለኝ።"

ለካ ለእሳቸው ለመንገር የፈራሁትን ከእኔ በፊት ያውቁት ኖሯል። ሳይክል ልንነዳ ነው ብዬ ያመንሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ካርታው፣ ቀዩ መስመር፣ የለመናቸው ካርቶኖች፣ ትከሻዬ ላይ የጣለው ክንድ፤ ሁሉም ፈታሾቹን ለማለፍ የተዘጋጀ ነበር። ተነሥቼ ወደ ጀልባው መመለስ አማረኝ።

"እኔም አለሁበት" አሉ የኔታ። "ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ዝም አልሁ። ልጄ እንዳይያዝብኝ ብዬ የሰውን ልጅ ዝም አልሁት። ይቅር በለኝ።"

ሽበታም ራሳቸውን ወደ እኔ ዝቅ አደረጉ። "ኧረ ተዉ የኔታ፣ እንዲህ አያድርጉ" ብዬ ትከሻቸውን ያዝሁ። ከነጠላቸው ሥር እጄ ያገኘው አጥንት ብቻ ነው።

"ደውሎልህ ያውቃል?"

"አልደወለም። ለእርስዎስ?"

"አልደወለም።"

ከዛፎቹ መሐል ተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ ይሰማል፤ አንዱ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል። የኔታ አንድ ራስ በቆሎ አነሡ፤ አልፈለፈሉትም።

"ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ ነዳችሁ?"

ዓይናቸውን አየሁ። በሕይወቴ ካህን ፊት ዋሽቼ አላውቅም።

"አዎ የኔታ፣ ሰኞ ዕለት። ቀኑን ሙሉ።"

"አገሩ እንዴት ነው?"

"ኮረብታ ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ሰዉ ሙዝ በሳይክል ጭኖ ይገፋል። ስናልፍ ሕፃናቱ እየጮኹ ይከተሉን ነበር።"

"ልየው አልደከመውም?"

"እሱ ይደክመዋል እንዴ? የደከምሁት እኔ ነኝ። ከፊት ከፊት ይነዳል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ሳይክሉን አጋድሞ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።"

"ጠበቀህ?"

"ጠበቀኝ።"

የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጀልባው ጡሩንባውን ነፋ፤ እኔም ሳልነሣ ቁልቁለቱን አብረን እንዴት እንደወረድን መንገር ጀመርሁ።