ሁለት ድስት፣ አንድ አላዋቂ

የእህቴን ሠርግ በክፍያ የደገሰልን ሰውዬ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ነው። ለተፈናቀለ ሰው ማዘን ወግ ነው፤ እኛም ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን። እሱ ግን እኛ ወደምንኖርባት የሱዳን ከተማ ገዳሪፍ የገባው እንደ ሹመኛ ነው። በስልኩ የአባይ ዳር ሠርጎች ፎቶ እያሳየ፣ «ካርቱም እያለሁ» ሳይል ውሃ እንኳ አይጠጣም። እናቴን «ማዘር» ይላታል፣ እኔን «ሲስተር»።

እኔማ የሰፈሩ ሴቶች ዳስ ጥለው ይሥሩት ብዬ ነበር። እህቴ ፎቶዎቹን ስታይ ልቧ ሸፈተ፤ ቡፌ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሙሽራን ማን ይቆጣል? ሰውዬውን ይዘን ሳላውን ልናይ ሄድን፤ ሳላ እዚህ የሠርግ አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ስለ ወንበሮቻቸው እንጂ ስለ ምግቡ ግድ የላቸውም። ማብሰል በጓሮ ብቻ፣ ጭስ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ወደየቤቱ፤ ሕጋቸው ይኸው ነው። ሰውዬው ጓሮውን በአፍንጫው አየና ለ«ትንሽ ፕሮግራም» ይበቃል አለ። ትንሽ ፕሮግራም ያለው የእህቴን ሠርግ ነው፣ እቴ!

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አንዲት አዛውንት ጎረቤት አሉን፤ የጎንደር ሙስሊም ናቸው፣ ከኛ በፊት ብዙ ዘመን ገዳሪፍ የኖሩ። እኛ ልጆቹ እንደ አገሩ ሐቦባ፣ አያቴ ማለት ነው፣ እንላቸዋለን። እናቴ እኔን በእጇ፣ እህቴን በሆዷ ይዛ ድንበር ስትሻገር በራቸውን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። የወለደችውም እሳቸው ቤት ነው። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን እንደማይበላ ያውቃሉና፣ ለአራሷ በግ ገዝተው፣ የሚባርክላት ክርስቲያን ፍለጋ በዚያ ፀሐይ ገበያውን ራሳቸው ዞሩ። ድስቱን ሳይቀር አዲስ ገዙላት። እናቴ ይህን ስታወራ ዛሬም እንባዋ ይቀድማታል። እናም በልጇ ሠርግ ሐቦባ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ፣ ካልተነካካ ድስት ወጥቶ፣ ልባቸው ሳይጠራጠር እንዲበሉላት ፈለገች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ሰውዬው «ማዘር፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔ አፉን አላመንኩትም። ሁለቱን አራጆች ራሴ አመጣሁ፤ አንዱ በስመ አብ ብሎ፣ አንዱ ቢስሚላሂ ብሎ አረዱ። የክርስቲያኑ ምድጃ በበሩ በኩል፣ የሙስሊሙ ከኋላ ግንቡ ሥር ሆነ። የሙስሊሙን ድስት፣ ጭልፋውን፣ ወጡ የሚገለበጥበትን የቡፌ ዕቃ ሁሉ ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰርኩበት። ለምን እንዳሰርኩትም ደጋግሜ ነገርኩት። እሺ ሲስተር፣ እሺ ሲስተር እያለ ራሱን ነቀነቀ። እንሽላሊትም ራሱን ይነቀንቃል።

በዕለቱ ሙሽራዋን ሳሰናዳ ቆይቼ ሳላው ስደርስ ቡፌው ተደርድሯል። የሚያብረቀርቅ ዕቃ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የፕላስቲክ አበባ። ሰውዬው ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል። እኔ አረንጓዴ ፈለግኩ። አንድ ክር እንኳ የለም።

«ጨርቁስ?» አልኩት።

«ፈታሁት እኮ ሲስተር። ፎቶ ላይ ዲኮሩን ያበላሻል።»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይህ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። ምንም ሳያመነታ የቀኙን አሳየኝ። አሰብ አደረገና ደግሞ የግራውን አሳየኝ። ወጡን ከጓሮ ያመጡትን ልጆች ጠራኋቸው፤ እነሱም ለአደራደሩ ማማር ብሎ ቦታውን አለዋውጦብናል፣ ከዚያ ወዲህ አናውቅም አሉ። ድስቶቹ ተገልብጠው ታጥበዋል። ቢቀመስስ ምን ይገኛል? ወጥ ሃይማኖቱን አይናገር።

ይኼኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሁለቱም ያው ሥጋ ነው፣ ማን ያውቃል አለኝ። እጄ ላይ ያለው ሂና ባያሳሳኝ ኖሮ ጥፊዬን ይቀምስ ነበር። ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፣ ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ፣ ምን እንዳጠፋ እንኳ የማይገባው ፍጡር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዞር ስል ሐቦባ ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ አስተናጋጅ ለክብራቸው ቀድሞ አንስቶላቸው ኖሯል። እጃቸውን ታጥበው ሊጀምሩ ነው። ሮጬ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ልንገራቸው ስላት እምቢ አለች። ሳላውን አቋርጣ ሄደች፣ እፊታቸው ተንበረከከችና ሳህኑን ከእጃቸው ወሰደች። በሠርግ ቤት ከእንግዳ እጅ ሳህን መንጠቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ተቀላቀለብኝ፣ እትየ» አለች። «አይብሉት።»

ሐቦባ ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ልጀን ልድር መጣሁ እንጅ ሥጋ ልበላ መጣሁ፣ አንች?» አሉና ጉንጯን ሳሟት።

ደግ ሰው ናቸው። ግን ለድግሱ ብለው ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ እንደመጡ አውቃለሁ፤ ዓይናቸው አንዴ ወደ ሳህኑ መለስ ሲልም አይቻለሁ። ወሬው ሳላውን አዳረሰ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳህኑን አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ዳቦና ሰላጣ ያዙ።

ያኔ ሰውዬው ብቅ አለ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ነበር። እሱ እቴ! ፈገግ ብሎ እጁን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ «አየሽ ማዘር፣ አልተቀየሙም። ኻላስ፣ አለቀ» አላት።

እናቴ በሰው ላይ ክፉ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችለት። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«አንተ ልጅ፣ ከተወለድህ ጀምሮ ሰው አብልቶህ ያውቃል?»

መልሱን አልጠበቀችም። ሐቦባን በእጃቸው ይዛ ሄዳ ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጠቻቸው፤ የልጇን ድግስ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ፣ ሠርጉ እስኪበተን ድረስ ከጎናቸው ጦሟን ዋለች።