ሀራራ ነው ያልኳት ሴት

ዶክተሩ ዓይን በሚመረምርበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩ ተዘግቷል። እኔ ከበሩ ውጭ፣ ጠብታዎቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዘይነባ ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ሩቂያ ገበያ ሄዳ አልተመለሰችም። ሌሎቹ ታካሚዎች ሄደዋል። ስለዚህ ዘይነባ ያለችኝን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ባሌን ይህን ሳልነግረው ቀበርኩት። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይህን ዘለልኩት። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ።

ጅማ ውስጥ በአንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ሥራ ላይ የለመድኩ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ሰው ሁሉ ግን ሲስተር ይለኛል፤ እኔም አላረምኩም። ሥራዬ ከምርመራ በፊት የዓይን ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ማድረግ ነበር። ብሌኑ ሲሰፋ ሐኪሙ የዓይንን ውስጥ በደንብ ያያል። አብዛኛውን ሰው አይጎዳም፤ ለጥቂት ሰዓት ያደበዝዛል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ ከዚያ ይለቃል። የዓይናቸው የፊት ክፍል ጠባብ የሆነ ሰዎች ግን አሉ። በእነሱ ላይ የዓይን ውኃ መውጫው ሊዘጋ ይችላል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ዓይኑ ይጠፋል። ለዚህ ነው ዶክተሩ ሁለት ነገር ሳላደርግ ጠብታውን እንዳልነካ ያስተማረኝ። መጀመሪያ፣ ዓይንዎን አሞዎት፣ በመብራት ዙሪያ ባለቀለም ክብ አይተው ያውቃሉ ብሎ መጠየቅ። ቀጥሎ፣ በትንሿ ባትሪ ከጆሮ በኩል ወደ ዓይኑ ማብራት፤ በአፍንጫው በኩል ጥላ ካጠላ ጠብታውን ትቶ እሱን መጥራት።

ለዘይነባ ይህን አላደረግኩም።

ረመዳን ነበር። ከሊሙ ገነትና ከደዶ የመጡ ጾመኞች ለማፍጠሪያ ቤታቸው ለመድረስ ይጣደፋሉ፤ እኔም ሥራውን አሳጠርኩላቸው። ለጾመኛ አዝኜ ነው? ለብዙ ጊዜ ራሴን በዚህ አባብያለሁ። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነበር። ጥላ ያጠላበት ዓይን ደግሞ ብዙም ስላልገጠመኝ፣ ባትሪውን ማብራቱ ከንቱ ልማድ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ዘይነባ ሊሙ ገነት የቡና መጋዘን ውስጥ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው የምትለይ ለቃሚ ነበረች። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው።

«ጥቁሩን ፍሬ እያሳለፍኩ ደህናውን እየጣልኩ ነው አሉ፤» አለችኝ። «አለቃችን፣ ዓይንሽን ታይተሽ ነይ፣ አለዚያ አንቺንም ከቡናው ጋር ለቅመን እንጥልሻለን አለኝ።»

ቀና አድርጌ በሁለቱም ዓይኖቿ ጠብታውን አደረግኩ። በአፍንጫዋ በኩል ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣቴ ጫን ብዬ ይዤላት ቢሆን ወደ ጉሮሮዋ ብዙም ባልወረደ ነበር። እሱንም አላደረግኩም።

«ያ ረቢ፣ ጉሮሮዬ ድረስ መረረኝ። ጾሜን አፈረስሽብኝ እኮ ሲስተር።»

«ሌሎቹም ጾመኞች አድርገዋል።»

«እሺ፤ በቂያማ ቀን ስጠየቅ፣ ሲስተር ናት እላለሁ፤» ብላ ሳቀች።

ዶክተሩ አያት፤ ሞራ ጀምሮሻል ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። ከዚያ ወጥታ ሩቂያን ስትጠብቅ ቆየች። ጥቂት ቆይታ ግንባሯን ያዘች።

«ሲስተር፣ ራሴን ሊፈልጠው ነው። ሕመሙ ዓይኔ ውስጥ ነው። ያጥወለውለኛልም።»

ጠጋ ብዬ አየኋት። ቀኝ ዓይኗ መቅላት ጀምሯል። አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

«ሀራራ ነው፤» አልኳት። «ቡና ሳትጠጪ ውለሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ስታፈጥሪ ይለቅሻል።»

በእኛ አገር ቡና የለመደ ጾመኛ ራሱን ሲያመው ማንም የሚለው ይህንኑ ነው። እሷም አመነችኝ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ቡና ካጣሁ ልጆቼንም ለይቼ አላውቃቸው፤» አለች፤ ግን በዚህኛው አልሳቀችም።

ዶክተሩ ከአንድ በር ወዲያ ነበር። ለምን አላንኳኳሁም? ባንኳኳ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ በባትሪ አይተዋል ወይ ብሎ ስለሆነ ነው። ያንን ጥያቄ ፈራሁ። ሩቂያ ስትመጣም ያንኑ ሀራራ ደግሜ ነገርኳት። እናቷን ደግፋ ወደ መናኸሪያ ይዛት ሄደች።

ዘይነባ ያን ሌሊት ሲያስመልሳት አደረ። ቡና ጠጣች፤ አልለቀቃትም። ቤተሰቡ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት፣ «ሲስተር ሀራራ ነው ብላኛለች» እያለች ቀናት ቆየች። በቃሌ ጠበቀች። ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ቀኝ ዓይኗ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት። ቀኙ ጠፋ። ግራውንም ግፊቱ ጎድቶት ጥላ ብቻ የሚለይ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓይን ቡና አይለቀምም።

ዶክተሩ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ሲስተር፣ በባትሪ አይተዋቸው ነበር?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ከመሄዳቸው በፊት አመመኝ ብለው ነበር?»

«አላሉም።»

«እንግዲህ አንዳንዴ እያዩትም ያመልጣል፤» አለኝ። አጽናናኝ። እኔም ተጽናናሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪውን ያላበራሁበት ዓይን የለም። ካመመዎት፣ ከቀላ፣ ካጥወለወለዎት በዚያው ሰዓት ይመለሱ ሳልለው የሸኘሁት ሰው የለም። ይህን የምናገረው እንዲቆጠርልኝ አይደለም። ለሌላ ሰው የተደረገ ጥንቃቄ ለዘይነባ ምኗ ነው?

የባሰውን ገና አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ሩቂያን ጅማ ገበያ አገኘኋት። እናቷ፣ መራራውን ውጬ እያወቅኩ ጾመኛ ነኝ ብዬ ስለዋልኩ ነው አላህ የቀጣኝ፣ ብላ እንደምታምን ነገረችኝ። ሼኹን ጠይቂ ብትባል አፍራ እምቢ አለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ስንት ረመዳን አለፈ? እኔ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ፣ እሷ የእኔን ጥፋት የራሷ ኃጢአት አድርጋ ስትሸከም ዝም አልኩ። ዓይኗን ያጠፋሁት በስንፍና ነው። ይህን ግን አውቄ ነው ያደረግኩት።

ዘንድሮ የእኔም ዓይን ደከመና ልታይ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ነርስ ባትሪዋን ከጆሮዬ በኩል አበራችና፣ «እማማ፣ ዓይንዎን አሞዎት ያውቃል?» አለችኝ። እኔ ዘይነባን ያልጠየቅኩትን ጠየቀችኝ።

በሳምንቱ ሊሙ ገነት ወረድኩ። ዘይነባ በድምፄ አወቀችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ባትሪውን፣ ሀራራውን፣ ለዶክተሩ የዋሸሁትን። ስለ ጾሙ ሼኾቹ ያውቃሉ፣ ዓይንሽን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ አልኳት። ይቅር በይኝ ልል ነበር፤ አላልኩም። ምን መብት አለኝ?

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«በጾሜ ነው ብዬ እንደማስብ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች በጓሮው በር ወጣች።